ሽታ የሌለው ጎተራ

ቦንጋ ውስጥ እትዬ ዘርትሁንን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት በአውቶቡስ የገባ እንግዳ ነው፣ ወይ ከአልጋ የማይነሣ በሽተኛ ነው። በሽተኛውንም ቢሆን ልትጠይቀው መሄዷ ስለማይቀር እሱም ያውቃታል። ዕድሜዋን መዘጋጃ ቤት ውስጥ ፋይል ስታመላልስ ኖራ ጡረታ ወጣች። ለቅሶ ቤት ቀድማ ደራሽ እሷ፣ ሠርግ ቤት ሽንኩርት ከታፊ እሷ፣ አራስ ቤት ገንፎ አገንፊ እሷ። ሰው ስሟን ሲያነሣ «የዘርትሁን እጅ አይታጠፍም» ይላል። እውነት ነው፣ አይታጠፍም ነበር። ያ እጅ ግን አምና ታጠፈ፤ የታጠፈውም ማንም በማያየው ቦታ፣ መኝታ ቤቷ ውስጥ ነው።

መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ ከአልጋው ራስጌ፣ ዳንቴል የለበሰ ረጅም ሣጥን አለ። በላዩ የላስቲክ አበባና የሟች ባሏ የጋሽ ፍቃዱ ፎቶ ተቀምጠውበታል። ለአንድ አፍታ ገብቶ የወጣ ሰው የልብስ ሣጥን ነው ብሎ ይምላል። ጆሮውን ጣል ያደረገ ግን ሣጥኑ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉተመትም ይሰማዋል። ዲፕ ፍሪጅ ነው። አንድ ሆቴል ሲዘጋ ዕቃውን ሲሸጥ ገዝታው፣ አስጭና ያስገባችው ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት እሑድ ጠዋት ነው። እሷ ራሷ የዚያን ቀን ቅዳሴ ቀረች።

ሰው ወዶ አይሰስትም፤ የሚያሰስተው ነገር አለ። ጋሽ ፍቃዱ የሞተበት ዓመት ስኳር ከከተማው ድራሹ የጠፋበት ዓመት ነበር። በሽታው ጉሮሮውን ዘግቶት ከሻይ በቀር የሚወርድለት ነገር የለም፤ ሻይ ደግሞ ያለ ስኳር አይሆንለትም። ዘርትሁን ኩባያ ይዛ ከደጅ ደጅ ዞረች። አንዲት አብራት ጽዋ የምትጠጣ ባለ ሱቅ፣ የስኳሩ ጆንያ ከመጋረጃው ሥር አፈትልኮ እየታየ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ «የለም» አለቻት። ጋሽ ፍቃዱ መራራውን ሻይ ፉት አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ዘርትሁን ከቀብር ስትመለስ ሁለተኛ ኩባያ ይዤ የሰው ደጅ አልቆምም ብላ ማለች። እንዲህ ያለ መሐላ ነው ኋላ ዲፕ ፍሪጅ የሚያስገዛው።

እናቷ ብትኖር ትስቅባት ነበር። እናቷ ደካ አጠገብ ባለ ገጠር ስትኖር የክፉ ቀን ምግቧን የምታኖረው መሬት ውስጥ ነበር፤ ቆጮውን የኮባ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ቀብራ፣ ድንጋይ ጭናበት፣ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቆይላታል። ታዲያ ያ ጉድጓድ በተከፈተ ቀን ሽታው ወንዝ ይሻገራል። ጎረቤት አፍንጫውን ተከትሎ ይመጣል፤ የመጣ ሰው ደግሞ ባዶውን አይመለስም። በዚያ ሰፈር ተደብቆ መብላት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰዉ ደግ ስለነበረ ብቻ ሳይሆን ቆጮው ስለሚያጋልጥም ነው። ዲፕ ፍሪጅ ግን ሽታ የለውም። ዘርትሁን ይህን ያሰበችው ዘግይታ ነው፤ ያን ጊዜ ያሰበችው ደስ የሚል ዝምታውን ብቻ ነበር።

አምና ዝናቡ መስቀል አልፎም አላባራ አለ። በጅማ በኩል ያለው መንገድ ተንሸራተተ፤ ናፍጣም ጠፋ፤ ጤፍ የጫነ መኪና ሳይመጣ ይከርም ጀመር። ዘርትሁን ግን ገና ነሐሴ ላይ ሸቷት ነበር። ሌላው «ይከፈታል» እያለ ሲያወራ እሷ ሺሺንዳ ገበያ እየተመላለሰች ሽንኩርቱንም ቅቤውንም ሰበሰበች። ሽንኩርቱን ከትፋ፣ አቁላልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ለአንድ ወጥ የሚበቃውን እየለየች በፌስታል ቋጠረች። ፌስታሉን በእጇ ጠፍጥፋ ታስተኛዋለች፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ብዙ ይይዛልና። በግ አሳርዳ ሥጋውን እንዲሁ አደረገች። እንጀራውን እያጠፈች፣ እንዳይጣበቅ በመሃሉ ላስቲክ እያስገባች ደረደረች። የበቆሎ እሸት ፈለፈለች፤ ጎመን ቀቀለች። ዱቄቱ በበርሜል፣ ዘይቱ በጀሪካን አልጋ ሥር ገባ። ማታ ማታ ክዳኑን ከፍታ ታየዋለች፤ በረዶው ፊቷን ሲነካት ልቧ እርፍ ይላል፤ ትዘጋዋለች፤ አበባውንና ፎቶውን ትመልሳለች፤ ትተኛለች። ክፋት አልነበረበትም። የፈራ ሰው እንቅልፉን የሚያገኘው በዚህ ነው።

በግቢዋ ባለው ሰርቪስ ቤት ታንጉት የምትባል ልጅ ተከራይታ ትኖር ነበር። ባሏ ዋለ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው። ሲመጡ ታንጉት ዘርትሁንን «እትዬ» እያለች፣ በአንቱታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር የምታናግራት። ኋላ ልጅ ሲወለድ አገሯ ሩቅ፣ እናቷ ሩቅ፤ ገንፎውን ያገነፋችው፣ ወገቧን ያሰረችላት፣ ሕፃኑን ሙሉብርሃንን ያጠበችው ዘርትሁን ናት። ከአራስ ቤት የወጣች ቀን ታንጉት እንዲህ አለች፤ እኛ አገር እናት አንቱ አትባልም፤ አንቺ ብልሽ ይከፋሻል ወይ? ዘርትሁን ልጅ አልወለደችም። ያን ቀን ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ «እማዬ» ሆነች፣ «አንቺ» ሆነች።

መንገዱ ከመዘጋቱ ቀደም ብሎ የዋለ አባት ሞቱና ዋለ ለቀብር አገሩ ሄደ። ሄዶ ቀረ። እዚያም መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ አልሠራ አለ። ደመወዙ የሚገባው በእሱ ስም፣ ካርዱም በእሱ ኪስ። ታንጉት በእጇ የቀረችውን ሳንቲም እያቆጠበች፣ ልጇን አዝላ፣ «ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል» ትላለች። ለማኝ ከመባል ሞት የሚሻላት፣ ኩሩ ቤት ያሳደጋት ልጅ ናት።

ዘርትሁን ረስታታለች ማለት አይደለም። አንድ ቀን ልብስ ሲያሰጡ ፊቷ ገርጥቶ አየቻት። ጠየቀቻት፤ ስትጠይቃትም፣ እግዜር ይይላት፣ «ያላትን ትንገረኝና ካነሣት እሰጣታለሁ» ብላ ነበር።

«ጤፉስ እንዴት ነው ልጄ? አለሽ?»

ታንጉት የሕፃኑን ጨርቅ አራገፈች፣ ፈገግ አለች፣ አንገቷን ሰበረች። «በረከተ እኮ፣ እማዬ።»

ዘርትሁን አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤትና ቢሮ ነው። ቤቷ ውስጥ ስታድግ የሰማችው የካፋውን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን ነው። በእሷ አማርኛ በረከተ ማለት በረከት ሆነ፣ ተትረፈረፈ ማለት ነው፤ ቄሱም የሚሉት እንደዚያ ነው። ጤፉ በረከተ! እፎይ አለች። እንዲያውም ትንሽ ቀናች፤ ይቺ ልጅ ይህን ሁሉ ቀን ብቻዋን ሆና እንዴት አበረከተችው? እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ ስህተት ሆኖ ይቀር ነበር። ምን አፏን እንደበላት እንጃ፣ ምናልባት «አንቺስ?» እንዳትባል ፈርታ፣ ጨመረችበት፤ «ታድለሽ! የኔ እንኳ ተሟጧል።»

ታንጉት ቀና ብላ አየቻት።  ለዘርትሁን ያ አስተያየት ኀዘኔታ መስሏት ነበር። በእርግጥም ኀዘኔታ ነበር።

በማግሥቱ ታንጉት በሳህን በሶ ይዛ መጣች። እናቷ ከአገር የላከችላት፣ ለዋለ መምጫ ያስቀመጠቻት ነች። ብቻዬን ከምበላት ብዬ ነው አለች፤ እንዳታፍሪ፣ አንቺም ለኔ ስንት አድርገሻል አለች። ዘርትሁን አልቀበልም ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ብላ? አለኝ ብላ? ተቀበለች። ያላት ትስጥ፣ በረከተ ብላኝ የለ፣ አለች በልቧ። በማር አሽታ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለሣጥኑ ሰጥታ በላችው። ሣጥኑ ከኋላዋ ያጉተመትማል። በሶው ጣፈጣት፤ ይህን ነው ኋላ ለራሷ ይቅር ማለት ያቃታት።

ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ይህን ቦንጋም ያውቃል፣ ጎጃምም ያውቃል። ዘርትሁን ሳህኑን አጥባ ይዛ ዲፕ ፍሪጁ አጠገብ ቆመች። ቅቤ ላድርግበት? ቅቤ ካየች ከየት መጣ ትላለች። ሥጋ? ጭራሽ። ወጣች፣ ከጓሮ ሎሚ ቀጠፈች፣ ሎሚውን ሳህኑ ላይ አድርጋ ለምታጠባ ሴት ሰጠች። ታንጉት በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነች። እንግዲህ ፍረዱ።

የጥቅምት አቡዬ ደረሰና ጽዋው ሚስጥር የምትባል ማኅበርተኛ ቤት ሆነ። ኑሮው ተወዶ ዳቦው አነስተኛ፣ ጠላውም ቀጭን ነበር። የሚቀዳው ቢሻው ነው፤ እሱም እንደ ዋለ ከጎጃም መጥቶ ጤና ቢሮ የሚሠራ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ዘርትሁን ጋ ሲደርስ ማንቆርቆሪያውን ዘቅዘቅ አድርጎ «በረከተ፣ እትዬ» አላት። ዘርትሁን ኩባያዋን ዘረጋች። ከበረከተማ ጨምርልኛ፣ አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቢሻው እየሳቀ አስረዳት፤ በእኛ አገር ለእህልና ለጠላ አለቀ አይባልም፣ ነውር ነው፣ ያስቀስፋል፤ ባዶ ሲሆን በረከተ ይባላል። እናቱ የመጨረሻዋን ዱቄት ከሞሰቡ አራግፋ «በረከተ» ስትል እሱ ራሱ በልጅነቱ ያለቅስ እንደነበር ተናገረ። ሰዉ ሳቀ። ዘርትሁንም ከሰው ጋር ሳቀች፤ ፊቷ ሲስቅ እጇ ግን እንደተዘረጋ ቀረ።

ለማኅበሩ ጸሎት መቆየት አቃታት። አሞኛል ብላ ወጣች። እውነትም አሟት ነበር። በመንገዱ ሁሉ ያ በሶ በጉሮሮዋ ሲመለስባት መጣ። ልጅቷ «አለቀ» ብላኛለች፣ አለች በልቧ። በምትችለው አፍ ሁሉ ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ተሟጧል ብዬ የመጨረሻዋን በላሁባት። መለመን የማትችለዋ ልጅ ለመነችኝ፤ ሎሚ ሰጠኋት።

ግቢ ስትገባ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ለቅሶው የቀጠነ፣ የደከመ ለቅሶ ነው። ቀጥታ መኝታ ቤቷ ገብታ ክዳኑን ከፈተችና የበግ ሥጋ አወጣች። ድንጋይ ነው። እዚህ ላይ ቆመች። ድንጋይ የሆነ ሥጋ ይዛ ገብታ ምን ትላለች? ዘመድ ከቢታ ገነት ላከልኝ ብትል፣ በዚህ ጭቃ የቱ መኪና አምጥቶ፣ የቱ ዘመድ አቀዝቅዞ? ይቅለጥና እወስዳለሁ አለች። በሳህን አድርጋ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ሥጋው ሳይለሰልስ የታንጉት መብራት ጠፋ። ነገ አለች፤ መልሳ ከተተችው።

በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ከጽዋው ቤት የተላከ ነው ብላ የራሷን ዳቦ ቆርሳ ሰጠች፤ ታንጉት ግማሹን ለእማዬ ብላ መለሰችላት። ያ ግማሽ ዳቦ ዘርትሁንን እንደ ጥፊ ነው ያገኛት። ከዚያ ቀን በኋላ መስጠቱ ቀላል፣ መናገሩ ከባድ መሆኑ ገባት። እውነቱን ሳትናገር ብትሰጥ ልጅቷ ታካፍላታለች፤ ብትናገር ደግሞ «እማዬ» የሚላት አፍ ይዘጋል። በዕድሜዋ አንድ ሰው ነው «እማዬ» ያላት። እሱን ላለማጣት ነገ፣ ነገ ትል ጀመር። «በረከተ» ምን ማለት እንደሆነ ቁልጭ አድርጋ እያወቀች! አንድ ቃል ባለማወቅ የጀመረው ነገር በማወቅ ቀጠለ፤ እሷም ይህን ታውቀው ነበር፣ እያወቀች ምሳ ትበላ ነበር።

ታንጉት የወደቀችው ልብስ ማስጫው ሥር ነው። ዘርትሁን ከበረንዳዋ ስታያት ገመዱን ይዛ ቆማ ነበር፤ ገመዱ ረገበ፣ ልብሱም እሷም አንድ ላይ መሬት ሆኑ።  ዘርትሁን ሮጣ ሄዳ አነሣቻት። ባዶ ቅርጫት የማንሣት ያህል ቀለለቻት። ሰርቪስ ቤቱ አጠገቧ ነበር፤ እዚያ ግን ምን አለና ነው? ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። መኝታ ቤቷ አስገብታ አልጋዋ ላይ አስተኛቻት፤ ሕፃኑን አምጥታ ጎኗ አደረገችው። ውሃ አጠጣቻት። ታንጉት ዓይኗን ገለጠች።

ከዚህ በኋላ መደበቅም መዋሸትም አልነበረም። ዘርትሁን የጋሽ ፍቃዱን ፎቶ አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠች። አበባውን አነሣች። ዳንቴሉን ገፈፈች። ክዳኑን ከፈተችው፤ ጭጋጉ ተነሥቶ ክፍሉ ቀዘቀዘ። ታንጉት በክርኗ ቀና ብላ አየች፤ የተጠፈጠፈው ሽንኩርት፣ ሥጋው፣ ቅቤው፣ እየታጠፈ የተደረደረው እንጀራ፣ ሁሉም እንደ ሱቅ ዕቃ ተስተካክሎ ተኝቷል።  ሕፃኑ ይነጫነጫል።

«በሶዬስ?» አለች ቀስ ብላ። «በሶዬንም እዚያው አስቀመጡት?»

አስቀመጡት። ዘርትሁን ከጥያቄው በፊት ቃሉን ሰማች። አንቱታው ተመልሶ ነበር።

«በላሁት» አለች።

ታንጉት መልሳ ጋደም አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዘርትሁን ያን ፊት ማዞር ታውቀዋለች፤ በዚያው አልጋ፣ በዚያው ግድግዳ አይታዋለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ማስረዳት ጀመረች። በረከተ ስትይኝ የሞላልሽ መስሎኝ ነው፤ ቃሉን አላወቅኩም፤ አቡዬ ምስክሬ፣ ከቢሻው እስክሰማ አላወቅኩም። ስትናገር፣ ከቢሻው ከሰማች በኋላ ስንት ቀን ዝም እንዳለችም አብሮ ወጣባት።

ታንጉት ሳትዞር መለሰች። «የኔስ ይሁን፣ የአገሬ አነጋገር ነው። ‹ተሟጧል› ያሉኝስ? እሱ በቦንጋ ምን ማለት ነው?»

 ዘርትሁን ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ሥጋው እንደ ድንጋይ እንደሆነ ድስት ውስጥ ገባ፤ መቅለጡንም መብሰሉንም እዚያው እንዲያደርገው። አጥሚት አሞቀች። ቅቤ አቀለጠች። ታንጉት በላች፤ ያልበላሁ እንደሆን ልጄን ነው የምጎዳው ብላ በላች እንጂ ለእርቅ አልነበረም። ዘርትሁንም ይህን አውቃ አታጎርሳትም፤ ሳህኑን አስቀምጣ ትወጣለች፣ ባዶ ሲሆን ትወስዳለች። ውሎ ሲያድር ታንጉት ወደ ሰርቪሷ ተመለሰች፤ ጡቷ ጋተ፣ የሙሉብርሃን ለቅሶ ወፈረ። ዘርትሁን ያን ወፍራም ለቅሶ ከግድግዳው ማዶ ስትሰማ እግዚአብሔርን ታመሰግናለች፤ ወዲያው ደግሞ አፈር ትሆናለች።

ያን ሰሞን ሰርቪሱ ብቻ አይደለም፣ ሰፈሩም በላ። ዘርትሁን ክዳኑን ከፍታ ለአራሷም ለአሮጊቷም እየቋጠረች አከፋፈለች። ሰዉ ምን አለ? «እጇ እኮ አይታጠፍም!» አለ። ለካ ለእኛ ብላ ነው ያስቀመጠችው አለ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሰው እየሳመ ሲመርቃት የምትገባበት ይጠፋት ነበር። እውነቱን የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ከአፏ ክፉ አልወጣም። ለማንም አልተናገረችም። በግቢው ሲገናኙ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን አደሩ እትዬ?» ትላለች። ሌላው ሰው ይህን አክብሮት ሲያይ ልጅቷን ያመሰግን ነበር። ዘርትሁን ስድብ ይሻላት ነበር። «አንቺ ጨካኝ» ብትላት እንኳ አንቺ የሚለው ውስጡ አለ።

ዋለ ኅዳር ሊጋመስ ሲል ከስቶ ተመለሰ። የጅማው መንገድም ተጠግኖ ጤፉ ገባ። ታንጉት ለባሏ ምን እንደነገረችው ዘርትሁን አታውቅም፤ እሱ ግን ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ብሎ ሚስቴንና ልጄን አተረፉልኝ አላት። ቀና አድርጋ አነሣችው። ከጀርባው ታንጉት ቆማ ነበር፤ ዓይኗ ወደ ሕፃኑ ነው።

ዝውውር አገኘና ከጥምቀት በኋላ ሊሄዱ ሆነ። ዘርትሁን መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻቸው። ገብስ ፈልጋ፣ አስቆልታ፣ አስፈጭታ በሶ አዘጋጅታ ነበር፤ የታንጉትን በሚመስል ሳህን፣ እስከ አፉ ሞልታ፣ በጨርቅ ቋጥራ ይዛዋለች። በመስኮት አቀበለቻት። ታንጉት በሁለት እጇ ተቀበለች፤ እህል አይመለስምና። ሕፃኑ የዘርትሁንን ጣት ያዘና አለቅም አለ። ረዳቱ በሩን እየደበደበ ነው። ዘርትሁን እስከዚያ ሰዓት ልትጠይቅ ያልደፈረችውን ያን ጊዜ ጠየቀች።

«ታንጉትዬ... ቂሙስ?»

ታንጉት የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀች። ፈገግ አለች፤ ያንኑ የልብስ ማስጫውን ፈገግታ፣ አንገቷን ሰብራ።

«በረከተ፣ እትዬ» አለች። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

ዘርትሁን መናኸሪያው መሃል ቆማ ቀረች። አለቀ ማለቷ ነው፣ አለች ለራሷ። በአገሯ አነጋገር አለቀ ማለት ነው፣ ቢሻው ነግሮኛል። የሚታወቅ ነገር ነው። ግን ያ የፊተኛው ጆሮዋ፣ በፊት የሚመቸውን ብቻ የሰማው ጆሮ፣ አሁን የሚመቸውን አልሰማም አለ። በረከተ፤ ሞላ፣ ተትረፈረፈ፣ ከዓመት ዓመት ያድርሰው።

ያን ዕለት ወደ ቤቷ አልሄደችም። ጤና ቢሮ ሄዳ ቢሻውን ከሥራው አስጠራችው። ደንግጦ ወጣ፤ ሰው የሞተ መስሎት ነበር። ያ በረከተ የምትሉት ለቂምም ይባላል ወይ ብላ ጠየቀችው። ቢሻው ሳቀ፤ ሲስቅ ቆይቶ ፊቷን አየና ሳቁን ተወ።

«ለእህል ነው እንጂ እትዬ» አላት። «ለቂም ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»